የሁለቱም ወገን እጩ

ሰኞ፣ መጋቢት 20 ቀን 1968

ዝናብ። ትምህርት ቤት ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረስኩ። የሂሳብ ፈተና ተመለሰ… ከሃያው ስምንት። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጡኝ "ጽሕፈትህ ግን ያምራል፣ ጠሃ" አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ሌላ የሚባልልኝ ነገር እስኪገኝ በዚሁ እንቆይ።

በጽሕፈቴ የተነሳ የውይይት ክበባችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኛለሁ። አሥራ ሦስት ነን። ስድስቱ "ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ!" ባዮች ናቸው፣ መሪያቸው ፈድሊያ። ስድስቱ ደግሞ "ለወታደሩ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ" ባዮች፣ መሪያቸው ከፈለ። አሥራ ሦስተኛው እኔ… እኔ እጽፋለሁ። ፈድሊያና ከፈለ የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ነው፤ በተራ ይዋዋሱታል። አንብበው ሲጨርሱ አንዱ ሌላውን "አድርባይ" ይለዋል። መጽሐፉን ግን በሰዓቱ ይመልሳሉ።

ዛሬ ወሬው መጣ። ሚያዝያ 10 የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ይመረጣል። ሙሐመድሳኒ ይወዳደራል። ሳኒ፣ በረኛው! አምና ከቦሳ አዲስ ሰፈር ልጆች ጋር ስንጫወት ሦስት ሪጎሬ ያወጣው። ፈድሊያ "ስለ ማርክስ ብትጠይቀው፣ የየትኛው ቡድን ተጫዋች ነው ይልሃል" አለች። ከፈለ ሳቀ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስቁ ካየሁ ቆይቷል። ከዚያ ተስማሙ፤ ተራማጁ ወገን ሁለት እጩ ካቀረበ ድምፁ ይከፈልና ሳኒ ይበላናል። ስለዚህ አንድ እጩ። ማን? ቅዳሜ በክበቡ ውስጥ በድምፅ ይለያል።

ስድስት ለስድስት… እና እኔ። ነገሩ አሁን ነው የገባኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 22

ፈድሊያ እስከ ቤታችን መታጠፊያ ሸኘችኝ። ፈድሊያ! ደብተሬን ሁሉ ልትይዝልኝ ነበር።

"ወንድምህ ጀማል የእኛ ነበር፣ አይደል? አሁኑኑ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"አውቄ ነበር! አላህ ይርሐመው።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 23

ከፈለ ሻይ ጋበዘኝ፣ ከነቦምቦሊኖው።

"ጀማለዲን በመጨረሻ ወደ እኛ መስመር መጥቶ ነበር ይባላል። እውነት ነው?"

ቦምቦሊኖው አፌ ውስጥ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ላይና ወደ ታች።

በሁለት ቀን ውስጥ የሞተ ወንድሜን ሁለት ቦታ አስመዘገብኩት። ጀማል የማን ነበር? እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ሲተኛ እግሩን እኔ ላይ ይጥል እንደነበር ነው። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። አሁን አልጋው ሰፊ ነው… እንቅልፍ ግን የለም።

ዛሬ ከሞተ አራት ወር ከአሥራ አራት ቀን። ለምን እቆጥራለሁ? ሂሳብ እንኳ አልችልም።

ዓርብ፣ መጋቢት 24

አዮ፣ እናቴ፣ እንደ ሁልጊዜው ጁምዓ "ደብዳቤውን አንብብልኝ" አለች። ፊደል አልቆጠረችም። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ውላ ስትመጣ ጣቷ እንኳ አይታጠፍላትም። ደብዳቤው ጀማል ከአሰንዳቦ በታች ካለው የዘመቻ ጣቢያ የላከው የመጨረሻው ነው። ስለ በቅሎዋ የጻፈው ጋ ስደርስ ትስቃለች። ስቃ ስቃ ሻሿን ዓይኗ ላይ ትይዛለች። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ እኔ አንድ ቦታ እዘላለሁ።

እዚህ ልጻፈው። ሌላ የት እጽፈዋለሁ?

የምዘለው እንዲህ ይላል፦ "ሁለት ቀን ሆነኝ ያተኩሰኛል። የወባ ክኒን እዚህ አልቋል። ለአዮ ንገራትና እስከ እሁድ ይዛችሁልኝ ኑ።"

ሐሙስ ኅዳር 3 በሾፌር እጅ ደረሰኝ። ለአዮ ሳነብላት አላስጨንቃት ብዬ ዘለልኩት። እኔው ራሴ እሁድ ይዤለት ልሄድ ነበር… አሰንዳቦ እኮ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ክኒኑንም ገዛሁ። ቅዳሜ ፈድሊያ "ነገ አስቸኳይ ስብሰባ አለ፣ ትመጣለህ?" አለች። እሺ። ከፈለ "ቃለ ጉባኤ ማን ሊይዝ ነው? እንዳትቀር!" አለ። እሺ። ለጀማል በሚቀጥለው እሁድ ይደርስለታል አልኩ።

ረቡዕ ሞተ።

የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አውጥቼ አየሁት። አራት ገጽ። ጽሕፈቱ ያምራል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 25

የክበባችን ምርጫ። በሚስጥር፣ በቁራጭ ወረቀት። ቆጠራ፦ ፈድሊያ ስድስት። ከፈለ ስድስት። አንዱ ወረቀት ላይ የሁለቱም ስም።

"ይሄ የማን ነው?" አለ ከፈለ።

"ምርጫው በሚስጥር ነው" አልኩ።

"ጽሕፈቱ እኮ እንዴት ያምራል!" አለች ፈድሊያ፣ እኔን እያየች።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ገቡ። ሳኒን ማሸነፍ የሚችል ማን ነው? የከፈለ ወገን፦ "እኛ በሴቶች እኩልነት እናምናለን። ሕዝቡ ግን ገና አልነቃም፣ ሴት አይመርጥም።" ፈድሊያ፦ "እኔ ጓድ ከፈለን አከብረዋለሁ። ሕዝቡ ግን አባቱ የቡና መሬት የተወረሰባቸው ሰው መሆናቸውን አይረሳም።" ሁሉም በራሱ በኩል ቅር የሚለው ነገር የለም፤ ችግሩ ሕዝቡ ነው። እኔ እጽፋለሁ።

ከኋላ አንዱ "ጠሃስ?" አለ።

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

"የሰማዕት ወንድም ነው። ማን እምቢ ይለዋል?"

ፈድሊያ አየችኝ። ከፈለ አየኝ። ሁለቱም በልባቸው "ወንድሙ የእኛ ነበር" እያሉ ነው። ያልኩትም እኔው ነኝ።

"ትወዳደራለህ?"

እሺ።

እጅ ይውጣ ተባለ። አሥራ ሦስት ለዜሮ። ሁሉም ሲያወጣ እኔም አወጣሁ፤ ለራሴ መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

እሁድ፣ መጋቢት 26

ሊቀመንበር ምን ይሠራል? ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 28

ጥናት። ፈድሊያ "ሥልጣን የማን ነው ብለው ቢጠይቁህ 'የሕዝብ፣ ዛሬውኑ' በል" አለችኝ። ከእሷ ስለይ ከፈለ ጠበቀኝ። "ሥልጣን የማን ነው ቢሉህ 'የሕዝብ፣ ደረጃ በደረጃ' በል።" በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ዛሬውኑም ደረጃ በደረጃም መሆን አለብኝ። ደብተሬ ላይ በግራና በቀኝ ጻፍኳቸው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 1

አዮ ደብዳቤውን እያስነበበችኝ ሳለ ፈድሊያ መፈክር ይዛ ገባች።

"ጀማል ደብዳቤ ትቷል እንዴ?"

"ትቷል እንጂ ልጄ! በየጁምዓው ነው የሚያነብልኝ።"

የፈድሊያ ዓይን በራ። "ማሎ አዮ፣ እባክዎ፣ የምርጫው ቀን ይነበብ። ሕዝብ ይስማው። እርስዎም ከፊት ይቀመጣሉ።"

"የልጄ ቃል ሲነበብ? ማንም ሳይመጣ ነው የምቀመጠው!"

ፈድሊያ ስትወጣ በሩ ላይ "አለቀ። ይህን ሰምቶ ሳኒን የሚመርጥ ሰው የለም" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? እሺ።

አሁን ምን ይዋጠኝ? ካነበብኩት አዮ ትሰማለች። ልጇ መድኃኒት ብሎ ሲልክ እኔ ስብሰባ ተቀምጬ እንደነበር… በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ትሰማለች።

እሁድ፣ ሚያዝያ 3

ከከፈለና ከፈድሊያ ጋር በየቤቱ ለቅስቀሳ ዞርን። አንድ ቃል መናገር አልቻልኩም። በሩ ሲከፈት "ውይ የጀማል ወንድም!" ይሉና እንደገና ለቅሶ። ያልደረሱኝ አሁን ደረሱኝ፣ የደረሱኝም ደገሙኝ። ከዚያ ብላ ብላ። ስድስት ቤት፣ ስድስት ምሳ። ከፈለ በየደጁ "እያለቀሱ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው!" እያለ በጆሮዬ ያንሾካሹካል።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አላለቀሱም። "ብትመረጥ ምን ታደርግልናለህ?" አሉኝ። ፈድሊያ ስለ ሕዝባዊ መንግሥት ጀመረች፣ ከፈለ ደረጃ በደረጃ አለ። እሳቸው ሁለቱንም ሰሙና "የቦኖው ውሃስ?" አሉ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ በግራም በቀኝም የለም። "ያ በረኛው ልጅ ትናንት መጥቶ ሲያየው ነበር" አሉ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ተለጠፈልኝ። አንዱ "ጠሃን ምረጡ! ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ!"፣ ሌላው "ጠሃን ምረጡ! ሂሳዊ ድጋፍ!" በአንድ ግድግዳ፣ ጎን ለጎን። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

ሳኒ ቆሞ ሲያነባቸው ደረስኩበት።

"አቦ ጠሃ፣ አንተ የትኛው ነህ?"

"ሁለቱም።"

ብዙ አሰበ። "እና ኳሱ ሲመጣ ለማን ነው የምታቀብለው?"

ከዚያ "ወላሂ፣ ከፈለግክ እኔ እተወዋለሁ። ሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር መፎካከር ያሳፍረኛል" አለኝ። ማርክስን የማያውቀው እሱ ነው። "ተው፣ ተወዳደር" አልኩት። ሰሞኑን ከአፌ የወጣ ደህና ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ማታ ከፈለ፦ "ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ዋናውን ለእኔ ትሰጠኛለህ። ለጋዜጣ እንልከዋለን።" እሺ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 9

መፍትሔ አገኘሁ። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። በጀማል ስም። ትኩሳት የለውም፣ ክኒን የለውም። "ውድ ጓዶች" ብሎ ይጀምራል፤ "ድል ለሰፊው ሕዝብ" ብሎ ያልቃል። መሐሉ ለሁለቱም ወገን ይስማማል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት… ምንም አይልም። ጀማል በሕይወቱ ውድ ነው ሲል የሰማሁት ስለ ስኳር ብቻ ነው።

የእሱን ጽሕፈት ለመምሰል ስምንት ወረቀት አበላሸሁ። የእሱ ፊደል ዶሮ የሄደችበት ነው የሚመስለው። የእኔ እምቢ አለ፣ አሁንም ያምራል።

እውነተኛውን ቀኝ ኪሴ፣ ውሸቱን ግራ ኪሴ ከተትኩ። ለምን ሁለቱንም? አንዱን መርጬ አውቃለሁ እንዴ?

እሁድ፣ ሚያዝያ 10

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አልጽፈውም።

የቀበሌው ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ሆሳዕና ስለሆነ ክርስቲያኖቹ የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው መጡ። አዮን ከፊት፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጧት። አዲሱን ሻሿን አስራለች። ድምፅ የሚሰጠው በሰልፍ ነው። እጩዎቹ ይቆማሉ፣ ሰው ከፈለገው እጩ ኋላ ይሰለፋል። ሳኒ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ከሰልፉ በፊት ደብዳቤው።

ግራ ኪሴ ገባሁ።

"ውድ ጓዶች፣ ትግላችን…"

"ላኪ!" አለች አዮ። በኦሮምኛ 'አይደለም' ማለቷ ነው፣ ጮክ ብላ። ከወንበሯ ተነሳች። "ይሄ የልጄ ደብዳቤ አይደለም! የልጄ 'አንተ ሰነፍ፣ እንደምን ነህ' ብሎ ነው የሚጀምረው።"

ሰው ሳቀ።

"በቅሎዋስ? በቅሎዋን የት አደረስካት?"

ለካ በየጁምዓው ሳነብላት በቃሏ ይዛዋለች። ቃል በቃል። ፊደል አልቆጠረችም ብዬ ስዝናና የኖርኩት ከሃያው ስምንት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቀኝ ኪሴ ገባሁ።

"አንተ ሰነፍ፣ እንደምን ነህ…" አዮ ተቀመጠች። አነበብኩ። አንዱ ጓዳቸው በቅሎ ላይ ወጥቶ ለገበሬዎቹ ንግግር ሲያደርግ፣ "አሁኑኑ!" ብሎ ሲጮህ በቅሎዋ ደንብራ ከነንግግሩ ጊቤ ውስጥ ከተተችው። የሂሳዊ ድጋፍ ጓዶች ዳር ቆመው አወዳደቁን ተቹ። ያወጡት ገበሬዎቹ ናቸው። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፈድሊያ አልሳቀችም። ከፈለ ሳቀና ተራው ሲደርስ አቆመ። ቀጠልኩ። በገበሬ ማኅበሩ ምርጫ ሁለቱም ወገን የየራሱን እጩ አቀረበ፤ ገበሬዎቹ ሌላ ሰው መረጡ። "ለምን እሱን? አልናቸው። 'ሲጠሩት ይመጣል' አሉን።"

ከዚያ የምዘለው ቦታ ደረስኩ። አዮ በቃሏ ስለምታውቀው ከንፈሯ ቀድሞኝ ሄዷል… "ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ…"

"ሁለት ቀን ሆነኝ ያተኩሰኛል" አልኩ።

ከንፈሯ ቆመ።

ክኒኑን አነበብኩ። እሁድን አነበብኩ። ያ ሁሉ ሳቅ የት ሄደ?

"መቼ ነው የደረሰህ?" አለችኝ።

"ሐሙስ።"

በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ። ዓርብ። ቅዳሜ። እሁድ። ሰኞ ላይ አንዱ እጇ አለቀ። በሌላው ማክሰኞ አለች። ረቡዕ አለች።

"እሁድ የት ነበርክ?"

"ስብሰባ።"

ተነስታ በሕዝቡ መሀል ወጣች። መንገድ ለቀቁላት።

"ከእጩነት ወጥቻለሁ" አልኩ፣ የሰማኝ ካለ። ሳኒ ተመረጠ። የክበባችን ሰዎች ከማን ኋላ እንደሚሰለፉ ሲጨቃጨቁ ቆጠራው አለቀ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 11

አታናግረኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 14

የምትናገረው ለድመቷ ነው። "የዚያ ልጅ ምሳ ድስቱ ውስጥ ነው" ትላታለች። ድመቷ ታየኛለች። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ መልእክተኛዋ ድመቷ ናት።

ደብዳቤው ከአዮ ራስጌ ነው። ማንበብ ስለማትችል ገልብጣ ይዛው አየኋት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 17

ፋሲካ። እትዬ ሸዋረገጥ ዳቦ ላኩልን። ከአዮ ጋር አንድ መጋዘን ቡና የሚለቅሙት ጎረቤታችን ናቸው። አዮ ቆርሳ ለእኔም አስቀመጠች። ደስ አለኝ። ድመቷ ዳቦ ባትወድ ነው እንጂ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 20

ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ፈድሊያና ከፈለ ለየብቻቸው መጡ፤ ሁለቱም ቃለ ጉባኤ ያዥ ይፈልጋሉ። ፈድሊያን "አይሆንልኝም" አልኳት። "ምን አልክ?" አለች። ደገምኩላት። ለከፈለ ቀለለኝ፤ አንዴ ተለማምጄዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 23

የላብ አደሮች ቀን። መጋዘኑ ዝግ ነው፣ ሰፈሩ ሰልፍ ወጥቷል። እትዬ ሸዋረገጥ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ልጃቸው ለይኩን ከአጋሮ ማዶ ዘመቻ ላይ ነው።

"ጠሃዬ፣ የሚያነብልኝ ጠፋ። ብቻ ደህና መሆኑን ንገረኝ፣ ሌላው ይቅር።"

ከፈትኩት። ዓይኔ ቀድሞኝ ታች ደረሰ። "ሆዴን በጣም ያመኛል። ከረቡዕ ወዲህ የበላሁት አልረጋልኝም።" ቀና አልኩ። እትዬ ሸዋረገጥ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። እንዴት ቀላል ነው… ደህና ነው፣ ናፍቀውታል፣ ሰላም ይልዎታል።

አዮ ከጓዳ ወጣች። እጇ እርጥብ ነው። መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አፌን ታይ ጀመር። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ያላየችኝ ሴትዮ።

"ሁሉንም አንብብላቸው" አለችኝ። ለእኔ። ድመቷ ውጪ ነበረች።

ከላይ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ሆዱ ጋ ስደርስ ሳልዘል ደግሜ አነበብኩት። እትዬ ሸዋረገጥ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ቆሙ።

"የአጋሮ መኪና በስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ላይ" አልኩ።

አዮ ነጠላቸውን ከወንበሩ አንስታ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። "ሂድ፣ ሮጥ" አለችኝ፣ "ቦታ ያዝላቸው።"

ሮጥኩ። በሰልፉ መሀል፣ በመፈክሩ ሁሉ ስር። አንድ ቦታ ፈድሊያ የጠራችኝ መሰለኝ።

መኪናው ገና አልወጣም ነበር።